ከእግር በታች የሚሰማ ቤዝ

ቤዝ ጊታር የሚጫወት ሰው ወገቡ ቶሎ ያረጃል። ጥፋቱ የጊታሩ አይደለም፣ የስፒከሩ ነው። የእኔ ስፒከር ቁመቱም ክብደቱም ትንሽ ፍሪጅ ያህል ነበር። ባጃጅ ላይ ሲጫን ለእኔ ቦታ ስለማይተርፍ ከሹፌሩ ጎን ተንጠልጥዬ ነበር የምሄደው። ከአዳማ ተነስተን ለሰርግ መቂ፣ ዝዋይ ወይም አቦምሳ ስንሄድ ደግሞ ሚኒባሱ ውስጥ እንደ ወፍራም ዘመድ መቀመጫ ይዞ ይጓዛል። ትቼው እንዳልሄድ፣ ሰርገኛ ቤዝን የሚያዳምጠው በሆዱ ነው። ሆዱ ካልተነካለት «ባንዱ ምነው ቀጠነ?» ይላል።

ሐኪም ወገቤን አይቶ ከባድ ነገር እንዳላነሳ ሲያስጠነቅቀኝ ቀለል ያለ ዕቃ ማፈላለግ ጀመርኩ። ሥራ በሌለኝ ቀን ስልኬ ላይ ተደፍቼ እውላለሁ። ራስ የሌለው ቤዝ አያለሁ፤ ክሩ እንደ ጎማ የለሰለሰና በጀርባ ቦርሳ የሚያዝ አጭር ቤዝ አያለሁ፤ ጡብ የምታህል ግን አዳራሽ የምታናውጥ አምፕሊፋየር አያለሁ። አይቼ አይቼ ስልኬን እዘጋለሁ። እንዲህ ያለ ዕቃ ወደ እኛ የሚደርሰው ሰው ከውጭ ይዞት ሲመጣ ነው፤ ይዞት የመጣው ሰው ደግሞ አይሸጠውም።

አዳማ ውስጥ ያገለገሉ የሙዚቃ ዕቃዎች የሚሸጥ አንድ ሱቅ አለ። ባለቤቱ ድሮ ራሱ ይዘፍን የነበረ፣ ድምፁ ሲዘጋበት ወደ ንግድ የገባ ሰው ነው። አንድ ቀን ከተጠላለፉ ገመዶች ስር ጥቁር፣ ጠፍጣፋ፣ አራት ማዕዘን ሳጥን አየሁ። ላዩ በጎማ ተሸፍኗል። ሁለት እግር ጎን ለጎን ያስቆማል እንጂ ከዚያ በላይ ቦታ የለውም።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

«እሱን ለእኔም የነገረኝ የለም። ሚዛን መስሎኝ ቁጥር የሚያሳይበትን ፈልጌ አጣሁ።»

«ከየት መጣ?»

«አንድ ባንድ ሲበተን ዕቃውን ሁሉ በጆንያ አምጥተው ሸጡልኝ። እሱም አብሮ ነበር።»

እኔ ግን አወቅኩት። ስልኬ ላይ አይቼው ነበር። ውስጡ ከባድ ብረት አለ፤ ብረቱ እንደ ስፒከር ከአምፕሊፋየር ጋር ይያያዛል፣ ድምፅ ግን አያወጣም፤ ይንቀጠቀጣል ብቻ። ተጫዋቹ ላዩ ላይ ይቆምና ቤዙን ሲመታ ድምፁን በእግሩ ይሰማዋል። የሰርገኛውን ሆድ የአዳራሹ ስፒከር ይነካለታል። ከተጫዋቹ ጀርባ የሚቆመው ፍሪጅ ግን ቤት ሊቀር ይችላል ማለት ነው።

እዚያው ሱቅ ውስጥ ገመዱን ሰካንና ወጣሁበት። ወፍራሙን ክር መታሁት።

ድምፁ በተረከዜ ገባ። በቁርጭምጭሚቴ አልፎ ጉልበቴ ላይ ትንሽ ቆየና ደረቴ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ሱቁ ውስጥ ግን ጸጥታ ነበር። ባለሱቁ አፍ አፌን እያየ «ይሠራል ወይስ ሞቷል?» አለኝ። ጫማውን አውልቆ እንዲወጣበት ነገርኩትና ያንኑ ክር መታሁለት። ወዲያው ዘሎ ወረደ።

«ወንድሜ፣ ውሰድልኝ» አለ እየሳቀ፤ ሳቁ ግን አልዘለቀም። «የተኛ አውሬ ጀርባ ላይ የቆምኩ ነው የመሰለኝ።»

ያኔ የምኖረው ከታላቅ እህቴ ጋር ነበር፤ አሁንም ከእሷ ጋር ነኝ። እታለም ነው የምላት። በልጅነቷ ማጅራት ገትር ይዟት ከሞት ብትተርፍም ጆሮዋ አልተረፈም። እስከዚያ ድረስ የለመደችው ንግግር ስላልጠፋት ትናገራለች፤ ድምፅዋን ስለማትሰማው ግን ከፍ ዝቅ አይልም፤ ሁልጊዜ ከሩቅ ሰው እንደምትጣራ ነው። የእኛን ንግግር ከከንፈራችን ታነባለች። ልብስ ሰፊ ናት። መኪናዋ በእግር የሚረገጥ የድሮ መኪና ነው፤ ክሩ ሲበጠስ ማንም ሳይነግራት በእግሯ ታውቀዋለች።

ስለ ሥራዬ ጠይቃኝ አታውቅም ነበር። ከሰርግ ስመለስ «አበሏችሁ?» ትለኛለች፣ መድረክ ላይ የምለብሰውን ሸሚዝ ትተኩስልኛለች፣ በቃ። ሰርግ መሄድም አትወድም። «አፍ ሲከፈትና ሲዘጋ ማየት ይደክመኛል» ነበር የምትለው።

ሳጥኑን ቤት ወስጄ ሲሚንቶው ወለል ላይ አስቀመጥኩና እንድትወጣበት በእጄ ጠቆምኳት። ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ወጣች። መታሁ። ፊቷ ልውጥ አለ። ወረደች፤ ተንበርክካ ሳጥኑን በአንድ በኩል ከፍ አድርጋ ስሩን አየች።

«ከስር ማን አለ?»

«እኔ ነኝ፣ እታለም። ጣቴ ነው» ብዬ ጣቴን ክሩ ላይ አሳየኋት።

እንደገና ወጣች። ወፍራሙን ክር መታሁ፣ ቀጭኑን መታሁ። ዓይኗን ጨፈነች። በመታሁ ቁጥር እጇን ታነሳለች፤ ለወፍራሙ ዝቅ፣ ለቀጭኑ ከፍ እያደረገች። አንድም ጊዜ አልተሳሳተችም። ስንጨርስ መሬት መሬቱን እያየች «ይሄን ሁሉ ዘመን ስትሠራ የኖርከው ይሄን ነው?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ጥሩ ነው» አለችና ወደ መኪናዋ ተመለሰች።

ከዚያ ወዲህ ከምሳ በኋላ ሳጥኑ ላይ መቆም ለመደች። ሳህኑን ታነሳና ሳትጠይቀኝ ወጥታ ትጠብቀኛለች። ለሰው መጫወት ከጀመርኩ ወዲህ እንደዚያ ተጠንቅቄ ተጫውቼ አላውቅም።

የመጀመሪያው እንግዳ ነገር የደረሰብኝ መቂ ነው። የአንድ የሽንኩርት ደላላ ልጅ ሰርግ ነበር። ገና ከሰዓት ነው፤ ዳሱ ውስጥ ሽማግሌዎች ተነስተው ሙሽሮቹን ይመርቃሉ። ባንዱ እጁን ሰብስቦ ቆሟል። እኔ ሳጥኑ ላይ ነኝ፤ ክሮቹን በመዳፌ አፍኛቸዋለሁ። ያኔ ከእግሬ ስር አንድ ረጅም ዝቅተኛ ድምፅ መጣ። ከእኔ ቤዝ ወፍራም ክር በጣም ዝቅ ያለ ነው። መጣ፣ ቆየ፣ ቀስ ብሎ ሄደ።

ወደ ኪቦርድ ተጫዋቹ ዞርኩ። የረጅም ጊዜ ጓደኛዬ ነው። «ነካኸው እንዴ?» አልኩት በሹክሹክታ።

«ምኑን?»

«ታች ያለውን ኖታ።»

ሁለት እጁን ከሆዱ ላይ ሳያነሳ «ታች ያለውን የምትጫወተው አንተ ነህ» አለኝ።

አምፕሊፋየሩን አጠፋሁት። ድምፁ እንደገና መጣ። ሽማግሌው «ውለዱ፣ ክበዱ» ሲሉ ሰዉ «አሜን» ይላል፤ እኔም ሳጥኑን እያየሁ አሜን እላለሁ። ጄኔሬተሩ ይሆናል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። በማግስቱ በመተሐራ በኩል መሬት መንቀጥቀጡን ሰማሁ። ሰዓቱ ያው ይሁን አይሁን አላጣራሁም፤ ማጣራት አልፈለግኩም።

የእነዚያን ወራት ነገር የስምጥ ሸለቆ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። በመተሐራና በአዋሽ በኩል መሬት ተሰነጠቀ፣ ሰው ቤቱን ጥሎ ወጣ። አዳማም ድረስ አንዳንዴ ብርጭቆ ይንቀጫቀጫል፣ መብራት ይወዛወዛል። እኛ ቤት የሆነው ግን ከዚያ ትንሽ ይለያል።

አንድ ጠዋት ሻይ እየጠጣሁ ተቀምጫለሁ። ቤዙ ቦርሳው ውስጥ ነው። ሳጥኑ ገመዱ ተነቅሎ ግድግዳ ተደግፏል። እታለም የደንበኛ ቀሚስ እየሰፋች ነበር። በድንገት እግሯን ከመርገጫው አነሳችና ወደ እኔ ሳትዞር «እባክህ፣ ሥራ ላይ ነኝ። ቆይተህ ተጫወት» አለች።

ሄጄ ፊት ለፊቷ ቆምኩና ባዶ እጄን አሳየኋት። እጄን አየች። ሳጥኑን አየች። ከዚያ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ባዶ እግሯን ሲሚንቶው ላይ አሳረፈች።

«እየተጫወትክ ነው» አለች።

«አይደለሁም፣ እታለም።»

«ታዲያ ማነው?»

ያኔ የሻይ ብርጭቆዬ ጠረጴዛው ላይ መንሸራተት ጀመረ። ሳህኖቹ ተንጫጩ፣ ቆርቆሮው ጣሪያ ተንቋቋ፣ ጎረቤት ጮኸ። እጇን ይዤ ወደ ግቢው ሮጥኩ።

ግቢያችን ውስጥ ከአከራያችን ሌላ ቲማቲም የሚነግዱ፣ ሁላችንም «አዴ» የምንላቸው ሴትዮ ከልጆቻቸው ጋር ይኖራሉ። በሁለተኛው መንቀጥቀጥ ቀን እታለም የምትጠልፈውን ጨርቅ እንደያዘች ወጥታ ግቢው መሃል ስትቆም አዩዋት። «ምን ሆናለች?» ብለው ሳይጨርሱ መሬቱ ተነቃነቀ። አዴ «ያ ረቢ!» ብለው ጨርቋን ሙጭጭ አድርገው ያዙ። ከዚያ ቀን ወዲያ የግቢው ሰላምታ ተለወጠ። ጠዋት በሬን ስከፍት «አካም ቡልተኒ» ብለው እንዴት እንዳደርን ከጠየቁኝ በኋላ አዴ የሚያስከትሉት «ምን አለች?» ነበር። አከራያችን፣ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ስለ እህቴ ጠይቀውኝ የማያውቁት ሰው፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በሩ ላይ ይጠብቁኝ ጀመር።

«እህትህ እንዴት አደረች?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጋሼ፣ ደህና ናት።»

«ተረጋግታ ነው የተኛችው?»

«አዎ፣ እርስዎ አያስቡ።»

ሰው ማሰፋት የማያስፈልገውን ልብስ ይዞ መምጣት ጀመረ። አምጥተው አይሄዱም፤ አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ። አንድ ቀን እታለም መርፌ ውስጥ ክር ልታስገባ እግሯን ከመርገጫው ስታነሳ አንዲት ሴት ልጇን አንጠልጥላ በሩን ገፍትራ ወጣች። እኛም ሳቅን። ሴትየዋ ግን አልተመለሰችም፤ ልብሱም እኛ ጋ ቀረ።

«ፊቴን እኮ አያዩም» አለችኝ እታለም። «እግሬን ነው የሚያዩት።»

ብዙ ጊዜ ደግሞ «አለ» ትላለች፣ ግቢው ሁሉ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይቆማል፣ ምንም አይመጣም። ሰዉ እያጉረመረመ ይመለሳል። እሷ «መጣ እኮ፤ እናንተ አልሰማችሁም» ትላለች፣ እንደ ልማዷ ጮክ ብላ፣ አጠገቧ ላለነው።

አንድ ከሰዓት አጠገቤ መጥታ ክንዴን ገለጥ አደረገች። «ዝም ብሎ መንቀጥቀጥ አይደለም» አለች። «ሄዶ ይመለሳል። እንዲህ ነው።» በጣቷ ክንዴን መታችኝ፦ አንድ ከባድ፣ ሁለት ቀላል፣ ከዚያ ረጅም ዝምታ። እንደገና አንድ ከባድ፣ ሁለት ቀላል፣ ዝምታ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

«ሁልጊዜ።»

የሙዚቀኛ ነገር ሆኖብኝ ዝምታውን በልቤ መቁጠር ጀመርኩ። ዝምታው እኩል ነበር። ደጋግማ መታችኝ፤ በየመሃሉ ያለው ዝምታ ሁልጊዜ እኩል ነበር። ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ሲቆም እሷም አየችው።

ቤዙን አወጣሁ። ወፍራሙን ክር እስኪልም አላላሁትና የመታችልኝን መጫወት ጀመርኩ። ሳጥኑ ላይ ወጥታ ራሷን ነቀነቀች። «ቀስ» አለች። ቀስ አልኩ። «ከዚህም ቀስ።» በአንዱ ምትና በሚቀጥለው መሃል አንድ ሙሉ ትንፋሽ እስክተነፍስ ድረስ አዘገየሁት። ያኔ ዓይኗን ጨፈነች። ስንት ጊዜ እንደደጋገምኩት አላውቅም፤ ጣቴ የራሴ መሆኑን እየረሳሁ መጣሁ።

ከዚያ ወረደች። ተንበርክካ ሁለት መዳፏን ሲሚንቶው ላይ ዘረጋች። መጫወቴን ተውኩ።

«ቆመ» አለች።

«እኔ ነኝ ያቆምኩት።»

ከንፈሬን አንብባ ራሷን ወዘወዘች። «አንተ አይደለህም። እሱ ነው የቆመው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ድምፅዋን ዝቅ ማድረግ የማትችለዋ እህቴ፣ ከልጅነታችን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በሹክሹክታ ተናገረች።

«እያዳመጠ ነው።»

ገመዱን ነቀልኩ። ውጭ የአዳማ ነፋስ አቧራ እያነሳ በሩን ይገፋል፤ አዴ ልጆቻቸውን ይጠራሉ፤ ከተማው እንደ ወትሮው ነበር። ሁለት እግሬን ከወለሉ አንስቼ ወንበሩ ላይ እንደሰበሰብኩ ያስተዋልኩት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። እታለም ተነስታ ጉልበቷን አራገፈችና ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

በማግስቱ ሳጥኑን ለኪቦርድ ተጫዋቹ ወስጄ ቤትህ አስቀምጥልኝ አልኩት። ምክንያቱን አልነገርኩትም። የመሬቱ ነገር በዚያ ሰሞን እየሳሳ፣ እየራቀ ሄደ። አከራያችን ምሕላው ነው አሉ፤ አዴ ዱአው ነው አሉ። ሬዲዮ ላይ አንድ ምሁር ስለ መሬት ውስጥ ቅልጥ ድንጋይ ሲያስረዳ ሰማሁ። እኔ በማንኛውም ላይ አልተከራከርኩም። አግዳሚው ባዶ ሆነ፤ እንግዶች መምጣት አቆሙ። እታለም ተገላገለች ብዬ ሳስብ «አሁን ደግሞ ጭራሽ ረሱኝ» ብላ ስትቀየም ሰማኋት።

የአክስታችን ልጅ አቦምሳ ስትዳር ባንዱ የእኛ ሆነ። እታለም ከእኛ ጋር እንደምትሄድ ነገረችኝ። ሰርግ የማትወደዋ ሴት ለራሷ ቀሚስ ሰፍታ ጨርሳለች።

«ያን ሳጥን አምጣው» አለችኝ።

«እታለም፣ ይቅርብን።»

«ሰው ፊት ነው፤ ቀን ነው። አንተ ትጫወታለህ፣ እኔ እቆማለሁ። ሌላ ምንም የለም።»

አመጣሁት። ዳሱ ጥግ፣ ከእኔ አጠገብ አስቀመጥኩላት። ዘፈኑ ሲሞቅ ጫማዋን አውልቃ ወጣች። መጀመሪያ ዝም ብላ ቆመች። ቀጥሎ ትከሻዋ ተንቀሳቀሰ። ዘመድ ሁሉ ዞሮ አየ። እሷ ስትጨፍር ያየ ሰው አልነበረም። አክስታችን እልልታዋን ለቀቀችና መሃል ላይ ለቅሶ ሆነባት። እኔም ዓይኔ እየረጠበ የምመታውን ክር ማየት አቃተኝ። ትከሻዋ ከጣቴ ጋር እኩል ይሄዳል።

በዚህ መሃል መብራት ሄደ። ኪቦርዱ፣ ስፒከሩ፣ ማይኩ ሁሉ በአንዴ ጸጥ አለ። ሰዉ «ኦኦ!» ብሎ ሳቀ፤ አንዱ ጄኔሬተር ሊያስነሳ ወጣ። ቤዜን አስቀመጥኩ።

እታለም አላቆመችም። ዓይኗ ተጨፍኗል፤ ጉልበቷ ዝቅ ይላል፣ ትከሻዋ ይከተላል፣ በጣም ቀስ ብላ፣ እኛ ስንጫወት ከነበረው ዘፈን ጋር በማይገናኝ ምት። ዘመዶቻችን ቀልድ መስሏቸው ማጨብጨብ ጀመሩ። እጄን ሳጥኑ ላይ አኖርኩ፤ ቅንጣት ታህል አይንቀጠቀጥም። ጭብጨባው እየተስተካከለ መጣ። አንድ ከባድ፣ ሁለት ቀላል፣ ረጅም ዝምታ። በዝምታው ውስጥ ከዳሱ ሙሉ ሰው አንድም ተሳስቶ ያጨበጨበ አልነበረም።

እጇን ያዝኩ። ዓይኗን ገለጠች።

«ምነው?»

«መብራት ሄዷል» አልኳት፣ ከንፈሬን እያሳየኋት።

የጠፉትን አምፖሎች ቀና ብላ አየች፤ እኔን አየች። ጉልበቷ አሁንም ዝቅ ከፍ ይላል።

«አላለቀም እኮ» አለችና እጇን አስለቀቀችኝ።

ጄኔሬተሩ እስኪነሳ አጠገቧ ቆሜ ጠበቅኩ። ሲነሳ ኪቦርድ ተጫዋቹ ግራ ገብቶት አየኝና ሌላ ዘፈን ጀመረ፤ ሰዉም ያን ምት ትቶ ወደ እስክስታው ዞረ። እሷም ወርዳ ከአክስታችን ጎን ተቀምጣ ምግብ በላች።

ወደ አዳማ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሌሎቹ ደክሟቸው ዝም ብለዋል። ድንገት «ፈርተሃል» አለችኝ፤ ሁሉም ሰምቶ ዞረ።

«አንቺ አትፈሪም?»

ከንፈሬን አነበበች። «እኔ የፈራሁት ያኔ ነው፤ ከአልጋዬ ተነስቼ እናታችን አፏን ስትከፍት ምንም ያልሰማሁ ጊዜ። ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያው ድምፅ ይሄ ነው። ለእኔ የመጣ።» ጫማዋን አውልቃ ባዶ እግሯን በሚኒባሱ ወለል ላይ ዘረጋች። «አሁን መኪናው ብቻ ነው» አለች፣ ትንሽ ቅር ባለው ድምፅ፣ እና ራሷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ተኛች።

እኔ አዳማ እስክንገባ አልተኛሁም።